ከዳርቻ በራቅን ቁጥር ካርቦኑ ይቀንሳል? ስለ ባሕር የሟሟ ካርቦን ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናሎችና በፌስቡክ ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ በባሕር ውሃ ውስጥ ስለሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ማለትም ከሕያዋን ነገሮች ስለወጣ ካርቦን ነው፤ በሙያው ያሉ ሰዎች በአጭሩ ዲኦሲ ይሉታል። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ መጻፉ በራሱ ያስመሰግናል፤ ጸሐፊው ከልቡ የሚቆረቆር ሰው መሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን ካነሣቸው አምስት ዋና ዋና ነጥቦች አንዱም እንደተጻፈ ሊቆም አይችልም። የመጨረሻው ደግሞ ሰውን ገንዘብ እስከማስወጣት ስለሚደርስ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ በውቅያኖስ ያለው ዲኦሲ ከየብስ በወንዝ የገባ ነው፤ ስለዚህ በዳርቻ ብዙ ሆኖ ወደ መሐል ሲኬድ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ያለው ውሃ ሁሉ በሊትር 40 ማይክሮሞል ገደማ ስለሆነ እዚያ መለካት ከንቱ ድካም ነው። ሦስተኛ፣ ሳተላይት የውሃውን ቀለም አይቶ ካርቦኑን ስለሚነግረን በመርከብ እየሄዱ ውሃ መቅዳት ጊዜው አልፎበታል። አራተኛ፣ ተመራማሪዎች በአንድ ወቅት ቁጥሩን በእጥፍና ከዚያም በላይ ከፍ አድርገው ኋላ ስለሻሩት ዛሬ የሚነገሩት ልዩነቶችም የመሣሪያ ስሕተት ሊሆኑ ይችላሉ። አምስተኛ፣ ይህ ካርቦን ሺህ ዓመታት ስለሚቆይ በቀይ ባሕር ዳርቻ የባሕር አልጌ አልምቶ ዲኦሲውን በማብዛት የካርቦን ክሬዲት (ከአየር ካርቦን ለማስወገዱ የሚሰጥ፣ የሚሸጥ ማረጋገጫ) መሸጥ ይቻላል።

አንባቢ ቁጥሮቹን እንዲከታተል ያህል፣ 83 ማይክሮሞል ማለት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ሚሊግራም ካርቦን ማለት ነው። ከዚህ በታች ማይክሮሞል ስል ሁሌም በሊትር ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከወንዙ ልጀምር። ጸሐፊው የዓለም ወንዞች በዓመት 250 ሚሊዮን ቶን ያህል የሟሟ ኦርጋኒክ ካርቦን ወደ ባሕር እንደሚያስገቡ፣ በውቅያኖስ ያለው ጠቅላላ መጠንም 660 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደሆነ ይጠቅስና፣ አካፍሎ ወንዞች ሙሉውን በ2,600 ዓመት ሊሞሉት እንደሚችሉ ያሳያል። ቁጥሮቹም ማካፈሉም ትክክል ናቸው። ስሕተቱ “ሊሞሉት ይችላሉ” ከሚለው ተነሥቶ “ሞሉት” ማለቱ ነው። በጥልቅ ውቅያኖስ ያለው ዲኦሲ በራዲዮካርቦን ሲለካ ዕድሜው በአትላንቲክ ወደ 4,000፣ በሰሜን ፓሲፊክ ወደ 6,000 ዓመት ይደርሳል። የወንዙ ካርቦን ሳይጠፋ የሚከማች ቢሆን ኖሮ በ5,000 ዓመት 1,250 ቢሊዮን ቶን በሆነ ነበር፤ ይህም አሁን ካለው እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ የጸሐፊው ስሌት ራሱ የሚያስረዳው አብዛኛው የወንዝ ካርቦን ባሕር ውስጥ እንደሚጠፋ ነው።

ከስሌት ይልቅ የሚታመነው ግን የኬሚስትሪ ማስረጃ ነው። እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን የየብስ እጽዋት ሥሪት ነው፤ ፋይቶፕላንክተን በሚባሉት በዓይን የማይታዩ የባሕር እጽዋት ውስጥ አይገኝም። ኦፕሳልና ቤነር በ1997 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ልኬት መሠረት፣ ከሊግኒኑ ተነሥቶ ሲሰላ በአትላንቲክና በፓሲፊክ ካለው የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ከየብስ የመጣው ከ3 በመቶ በታች ነው። የካርቦን-13 ሚዛኑም (የከባዱ ካርቦን ድርሻ ከመለኪያው ምን ያህል እንደሚለይ በሺህ እጅ የሚያሳየው ቁጥር) ይህንኑ ይመሰክራል፤ የየብስ ዛፍ ወደ -27 ሲሆን የውቅያኖስ ዲኦሲ ከ-21 እስከ -23 ባለው ውስጥ ነው፣ ማለትም የባሕር ፋይቶፕላንክተን ምልክት። ምንጩ እነዚህ ጥቃቅን እጽዋት ናቸው፤ ሕያው ሳሉ ያመነጩታል፣ ሲበሉና በቫይረስ ሲፈነዱ ደግሞ ይፈስሳል።

ጸሐፊው የዓባይ ጎርፍ የሜዲትራኒያንን ካርቦን እንደሚመግብ በምሳሌነት አቅርቧል። ጎርፉ ግን የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1964 ውሃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ እንደ ድሮው ባሕር አይደርስም። ይህም ሆኖ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን የላይኛው ውሃ ዲኦሲ ከ50 እስከ 80 ማይክሮሞል ባለው፣ በሌሎች ሞቃት ባሕሮችም በተለመደው ልክ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዳርቻውና ወደ መሐሉ ልዩነት። አንድ ወንዝ 400 ማይክሮሞል ይዞ ጨዋማነቱ 36 (በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ 36 ግራም ገደማ ጨው)፣ ዲኦሲው 70 ከሆነ ባሕር ጋር ይገናኝ እንበል። ጨዋማነቱ 18 የደረሰበት ቦታ ላይ ሁለቱ እኩል ስለተቀላቀሉ 235 እናገኛለን። ጨዋማነቱ 30 ላይ የወንዙ ድርሻ አንድ ስድስተኛ ነው፤ ውጤቱ 125 ይሆናል። 35 ላይ ከ36 እጅ አንዱ ብቻ የወንዝ ስለሆነ ወደ 79 ይወርዳል። ማንም ባክቴሪያ ምንም ሳይበላ፣ ፀሐይም ሳትነካው፣ መቀላቀል ብቻ ቁጥሩን ከ400 ወደ 79 አወረደው። “ከዳርቻው 20 ኪሎ ሜትር ርቀት” የሚል መረጃ ጨዋማነቱ አብሮ ካልተጻፈ በቀር የማይጠቅመው ለዚህ ነው። አማዞን ከዓለም የወንዝ ውሃ አንድ አምስተኛውን ያህል ስለሚያፈስ ከአፉ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆም የወንዙ ምልክት ይታያል፤ ወንዝ በሌለበት ዳርቻ ደግሞ ከመሬት አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ምልክቱ ላይኖር ይችላል።

የተለካው ቁጥር ከቅልቅሉ መስመር፣ ማለትም በመቀላቀል ብቻ ከሚጠበቀው ቁጥር በላይ ከሆነ በመካከል የሚጨምር ምንጭ አለ፦ ማንግሮቭ፣ ረግረግ፣ የከተማ ፍሳሽ ወይም በድንገት የተባዛ ፋይቶፕላንክተን። ከመስመሩ በታች ከሆነ የሚያጠፋ ነገር አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የወንዙ ዲኦሲ በጎርፍ ወቅት በፍጥነት ስለሚለዋወጥ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት የገባው ውሃ ዛሬ በወንዙ ከሚለካው ጋር አይገጥምም፤ መስመሩ ያለ አንዳች መጥፋት ጎብጦ ሊታይ ይችላል። የወንዙን ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ ቀድቶ መስመር ማስመር የውሸት ግኝት ይወልዳል። ጽሑፉ የወንዝ ካርቦን ጨው ሲነካው ረግቶ ወደ ታች ይወድቃል ማለቱም የተጋነነ ነው። ጨው የሚያረጋው በዋናነት ከበሰበሰ እጽዋት የሚወጣውን ሂዩሚክ አሲድን ነው፤ ሾልኮቪትዝ በ1976 ባሳተመው ሥራ ከወንዙ የሟሟ ኦርጋኒክ ቁስ ውስጥ የረጋው ከ3 እስከ 11 በመቶ ብቻ ነበር።

“በዳርቻ ብዙ፣ በመሐል ጥቂት” የሚለውን ደንብ ከነጭራሹ የሚገለብጠው ምሳሌ ያለው በጎረቤታችን ነው። በእኛ ክረምት ወራት የሶማሌ ጄት የሚባለው ብርቱ ነፋስ በሶማሊያና በኦማን ጠረፍ ጎን ለጎን ይነፍሳል፤ የላዩን ውሃ ከዳርቻው ገፍቶ ያርቀዋል። በምትኩ ከሥር የሚወጣው ውሃ ቀዝቃዛ፣ ናይትሬትና ፎስፌት የተባሉት የእጽዋት ምግቦች የሞሉበት፣ በዲኦሲ ግን የደኸየ ነው። በ1995 በዓረብ ባሕር በተደረጉት የምርምር ጉዞዎች የታየውም ይኸው ነው፤ ይህ ነፋስ በሚነፍስበት በደቡብ ምዕራቡ ሞንሱን ወቅት ከሥር ውሃ በሚወጣበት ጠረፍ የላዩ ዲኦሲ ዝቅ ይላል፣ ከፍተኛው መጠን የተገኘው ነፋሱ በበረደበትና ውሃው ሳይናወጥ በቆየበት በሌላው ወቅት ነው። ዓሣ የሚበዛበት፣ አረንጓዴ የለበሰ ዳርቻ ከሰማያዊው መሐል ባሕር ያነሰ ዲኦሲ ሊኖረው ይችላል ማለት ነው።

ቀይ ባሕርም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስበት አንድም ወንዝ የለም፤ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ይተንበታል። የላይኛው ውሃ ከባብ ኤል መንደብ ሲገባ ጨዋማነቱ 36.5 አካባቢ ሆኖ በሰሜን 40ን ያልፋል። 75 ማይክሮሞል ይዞ የገባ ውሃ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት በትነት ብቻ 82 ይሆናል። የደቡቡንና የሰሜኑን ቁጥር በጨዋማነት ሳያስተካክል ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ትነቱን ምርት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ጸሐፊው ትክክል የሆነበት ቦታም አለ፣ ይህም አርክቲክ ነው። የውቅያኖስን መጠን 1 በመቶ ያህል ብቻ የሚይዘው አርክቲክ ከዓለም የወንዝ ውሃ 11 በመቶውን ይቀበላል፤ ሊና፣ የኒሴይና ኦብ ከሳይቤሪያ ደን ብዙ ካርቦን ስለሚያወርዱ በጠረፉ ያለው ዲኦሲ ከሌላው ውቅያኖስ በብዙ ይበልጣል። ባልቲክም እንዲሁ ከ300 ማይክሮሞል በላይ የሚለካበት ባሕር ነው። በእነዚህ ቦታዎች ወንዝ ገዥ ነው። ስሕተቱ የእነሱን ሁኔታ ለውቅያኖስ ሁሉ ደንብ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ጥልቁ አንድ ዓይነት ነው የሚለው፣ አጭር መልስ ይበቃዋል። ሃንሰልና ካርልሰን በ1998 እንዳሳዩት የጥልቅ ውሃ ዲኦሲ በሰሜን አትላንቲክ ጫፍ 48 ሆኖ ጀምሮ በሰሜን ፓሲፊክ ጫፍ 34 ላይ ያበቃል፤ በ29 በመቶ ይወርዳል ማለት ነው። በግሪንላንድ አካባቢ ቀዝቅዞ የሚሰምጠው ውሃ ከላይ ይዞት የወረደው ካርቦን በጉዞው ላይ ይበላል፣ ይጠፋል። ልዩነቱ ጥቂት ማይክሮሞል መሆኑን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የውቅያኖስ ውሃ 1.34 ቢሊዮን ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ 1 ማይክሮሞል ብቻ ቢሳሳት 16 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይሆናል፤ የሰው ልጅ በዓመት ከከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ከሚለቀው ይበልጣል። ከንቱ ድካም የተባለው ልኬት የሚለካው ይህን ነው።

ስለ ሳተላይቱ ደግሞ፦ ሳተላይት ዲኦሲን አያይም፤ የሚያየው ከሟሟው ቁስ ውስጥ ቀለም ያለውንና ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን የሚውጠውን ክፍል ነው። በወንዝ አፍ አካባቢ ቀለሙና ካርቦኑ አብረው ስለሚቀንሱ አንዱ ለሌላው መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ በ2024 የመጠቀው የናሳ ፔስ ሳተላይትም እስከ አልትራቫዮሌት ስለሚያይ ለዚህ ሥራ በእጅጉ ይረዳል። መሐል ውቅያኖስ ላይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። በቤርሙዳ አጠገብ ባለው የሳርጋሶ ባሕር በዚያ አካባቢ ሞቃት ወራት ፀሐይ የላዩን ውሃ ቀለም ታነጣዋለች፤ ቀለሙ ከዓመቱ ዝቅተኛው ላይ ሲደርስ ዲኦሲው ግን ከላይ የተጠራቀመበት ጊዜ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከጠሩት ውሆች አንዱ የሆነው ይህ ባሕር ከ60 እስከ 70 ማይክሮሞል ሲይዝ፣ አንታርክቲካን የከበበው ቀዝቃዛና ይበልጥ አረንጓዴ ውሃ ከ40 እስከ 50 ብቻ ይይዛል። የቅዝቃዜው ወቅት ሲገባ ደግሞ የሳርጋሶ ውሃ እስከ 200 ሜትርና ከዚያ በታች ተናውጦ የተጠራቀመውን ወደ ታች ይወስደዋል፤ ይህን ወደ ታች መውረድ ከጠፈር ሆኖ ያየ የለም፣ የታወቀው በየወሩ ከየጥልቀቱ በተቀዳ ውሃ ነው። ሳተላይቱም ቢሆን የሚስተካከለው በዚሁ በተቀዳ ውሃ ነው።

አራተኛው ነጥብ በጣም የሚያከራክረው ነው፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ሱጊሙራና ሱዙኪ በ1988 አዲስ መሣሪያ ተጠቅመው ከቀደመው በብዙ የበለጠ ዲኦሲ አገኘን አሉ። በ1991 በሲያትል የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ውሃ እየለኩ የማይገናኝ ቁጥር እንደሚያወጡ በግልጽ አዩ፤ በ1993 ሱዙኪ ራሱ ውጤቱን ሻረ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማል። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን ዋናው ነው። የችግሩ ትልቁ ክፍል ባዶ ውሃ ሲለካ መሣሪያው ራሱ የሚያሳየው ካርቦን፣ ማለትም ብላንኩ፣ በትክክል አለመቀነሱ እንደሆነ ተደረሰበት። ዛሬ ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ የሚላክ የማመሳከሪያ ውሃ አለ፤ አንዱ ከ41 እስከ 44 ማይክሮሞል የያዘ የጥልቅ ባሕር ውሃ፣ ሌላው ከሞላ ጎደል ካርቦን የሌለበት። እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ በየዕለቱ ከናሙናዎቹ ጋር ይለካዋል። ከተባለው ክልል ከወጣ የዚያ ቀን ውጤት ይጣላል። በጥሩ እጅ ስሕተቱ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሞል ነው፤ ከላይ ያየነው የ14 ማይክሮሞል ልዩነት ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ልኬቱ የሚበላሸው የት እንደሆነ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በሀገራችን ቤተ ሙከራዎችም የሐይቅ ውሃ በዚሁ መንገድ የሚለኩ ሰዎች ያስፈልጋቸዋል። በዳርቻ ውሃው በመስታወት ክር ማጣሪያ ይጣራል፤ ማጣሪያው አስቀድሞ በ450 ዲግሪ ለአራት ሰዓት ያህል ካልተቃጠለ የራሱን ካርቦን ይለቃል። በኃይለኛ ቫኪዩም ከተሳበ የፋይቶፕላንክተኑ ሕዋስ ይፈነዳና ውስጡ የነበረው ወደ ሟሟው ይቀላቀላል፤ ስለዚህ በቀስታ ይጣራል። በመሐል ውቅያኖስ የማይሟሟው ክፍል ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ሳያጣሩ ይለካሉ፣ ከብክለት ይተርፋሉና። የፕላስቲክ ጠርሙስ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይነከራል፣ የመስታወቱ ይቃጠላል። ውሃው እስከ አፉ አይሞላም፤ በማቀዝቀዣ በረዶ ሲሆን እየሰፋ ይወጣና በረዶ ያልሆነውን፣ ካርቦኑና ጨው የተሰበሰበበትን ክፍል ይዞ ይፈስሳል። ሂዩሚክ የበዛበት የወንዝ ውሃ ደግሞ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ከፊሉ ስለሚረጋ፣ አሲድ ጨምሮ በ4 ዲግሪ ማቆየት ይሻላል።

ብክለቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት የእጅ ማጽጃ አልኮልን እንውሰድ። 40 ሚሊሊትር በሚይዝ ብልቃጥ ውስጥ አንድ ማይክሮሊትር፣ ማለትም የአንዲት ጠብታ ሃምሳኛ ገደማ፣ ኤታኖል ቢገባና በሙሉ ቢቀር ቁጥሩን በ850 ማይክሮሞል ያሳድገዋል። የጥልቅ ውሃ 40 ማይክሮሞል ለሚለካ ሰው ይህ ሃያ እጥፍ ነው።

ቀጥሎ የባሕር ውሃ ከ2,000 ማይክሮሞል በላይ ኢ-ኦርጋኒክ ካርቦን ስለሚይዝ፣ ፒኤች 2 እስኪደርስ አሲድ ተጨምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሌለው ጋዝ ይነፋል። ከዚያ ውስጥ 1 በመቶ ብቻ ቢቀር 20 ማይክሮሞል የሌለ ዲኦሲ ይፈጠራል። ከዚህ በኋላ 100 ማይክሮሊትር ያህል በ680 ወይም በ720 ዲግሪ ቃጠሎውን በሚያፋጥን ፕላቲነም ካታሊስት ላይ ይቃጠላል፣ የወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኢንፍራሬድ ይለካል። በመርፌ የሚገባ እያንዳንዱ ናሙና 3.5 ሚሊግራም ጨው በማቃጠያው ቱቦ ውስጥ ይተዋል፤ 300 መርፌ ሲሞላ አንድ ግራም ይሆናል። በመሣሪያው ሥዕል ላይ የሚወጣው ጉብታ መስፋትና መንቀርፈፍ ሲጀምር፣ ብላንኩም ከፍ ሲል ካታሊስቱ ይወጣል፣ ይታጠባል ወይም ይቀየራል። “የመሣሪያ ስሕተት ሊሆን ይችላል” የሚል ሰው ከእነዚህ ደረጃዎች የትኛው እንደተዘለለ ሊነግረን ይገባል፤ ስሕተቱ የሚገባበት በር ይታወቃልና።

የመጨረሻው ነጥብ የካርቦን ክሬዲቱ ነው። ዲኦሲ ሺህ ዓመታት ይቆያል የሚለው ለጥልቁ አሮጌ ክፍል እውነት ነው፤ ዛሬ ከአልጌ ለሚወጣው ግን አይሠራም። አዲስ የተለቀቀው ስኳርና አሚኖ አሲድ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ተመልሶም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ሻካራ ስሌት እንሥራ፦ 660 ቢሊዮን ቶን ለ5,000 ዓመት ሲካፈል በዓመት 0.13 ቢሊዮን ቶን ነው። የባሕር ፋይቶፕላንክተን በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ያመርታል። ስለዚህ ከተመረተው 1,000 ቶን ወደ አሮጌው ክምችት የሚደርሰው 3 ቶን እንኳ አይሞላም። አልጌ ከፋይቶፕላንክተን የተሻለ የማይበላ ካርቦን ይለቅ ይሆናል የሚል ሰው በልኬት ያሳየን፤ ከእርሻው የተቀዳ ውሃ በጨለማ፣ በባሕሩ ሙቀት፣ ከነባክቴሪያው ለወራት ተቀምጦ በየጊዜው ምን እንደቀረ ይለካ።

ማንግሮቭን ጸሐፊው ሳያነሣው ቀረ እንጂ የተሻለ ምሳሌ ይሆነው ነበር። ከየብስ ስፋት ከ0.1 በመቶ ያነሰ ቦታ ይዞ ከየብስ ወደ ውቅያኖስ ከሚገባው ዲኦሲ ከ10 በመቶ በላይ እንደሚያወጣ በ2006 የወጣ ጥናት ገምቷል፤ በኤርትራ ጠረፍም ማንግሮቭ አለ። ሆኖም ይህ ካርቦን ወጣ ማለት ተቀመጠ ማለት አይደለም።

ቀይ ባሕር ደግሞ ለረጅም ጊዜ ማከማቻነት የማይመች ባሕር ነው። ጥልቁ እንደሌላው ውቅያኖስ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሳይሆን እስከ ታች ድረስ ከ21 ዲግሪ በላይ ነው፤ ባክቴሪያው በዚያ ሙቀት አይተኛም። ውሃውም ለሺህ ዓመታት አይቆይም፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ይታደሳል። በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ 137 ሜትር ጥልቀት ያለውን ደፍ ተሻግሮ በባብ ኤል መንደብ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወጣል፣ እዚያም በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ላይ ይሰራጫል። በምጽዋ የለማ አልጌ የለቀቀው ካርቦን ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የሚከታተል ልኬት ያለው ሻጭ ካለ ያቅርበው።

ሌላም አለ። አልጌው የወሰደው ናይትሬትና ፎስፌት ካልተወሰደ ፋይቶፕላንክተን ይጠቀምበት ነበር፤ ስለዚህ ትርፉ የሚቆጠረው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው። ከውሃው የተወሰደው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር እስኪተካ ወራት ይፈጃል፤ ውሃው ከዚያ በፊት ከሰመጠ ከአየሩ የቀነሰ ነገር የለም። ለባለሀብት የሚቀርብ ሰነድ ውስጥ ቢያንስ እርሻው ከመጀመሩ በፊት በአራቱም ወቅቶች የተወሰደ ልኬት ከነጨዋማነቱና ከነጥልቀቱ፣ የማመሳከሪያ ውሃው የየዕለቱ ውጤት፣ የብላንኩ መጠን፣ ከእርሻው ውጭ ያለ የማነጻጸሪያ ጣቢያ፣ እንዲሁም የጨለማው ሙከራ ውጤት ይጠየቅ።